የሰማያዊው ጨርቅ ጠርዝ

የሕፃኑ ጀርባ ላይ የወጣው ሽፍታ በሦስተኛው ቀን ውሃ ቋጠረ።

«ነይ እስቲ እይልኝ» አለች የጠርዜ ታላቅ እህት፣ ከአልጋዋ ቀና ለማለት እየታገለች። ከወለደች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። «ሐኪሟ ቅባት ሰጠችኝ። ደግሞ የምትጠቀልይበትን ጨርቅ ቀይሪ ትለኛለች። ምኑን ነው የምቀይረው? አዲስ ነው እኮ የገዛሁለት።»

ጠርዜ ሕፃኑን ተቀብላ ጭኗ ላይ በሆዱ አስተኛችው። በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ልብስ ስፌት ቤት ከገባች ጀምሮ ሥራዋ የጨርቅ ጠርዝ መዘምዘም ስለሆነ ባልደረቦቿ ጠርዜ አሏት፤ ሰፈሩ ተቀበለው፤ በመጨረሻ እህቷም ለመደችው።

የሕፃኑ ጀርባ ከአንገቱ ሥር እስከ ወገቡ ቀልቶ፣ እዚህም እዚያም ጫፉ ቢጫ ያዘለ ሽፍታ ወጥቶበታል። ጨርቁን ከሥሩ ስትስብ ተጣብቆ አልላቀቅ አላትና ሕፃኑ አለቀሰ። ቀስ አድርጋ አላቀቀችው። አጣጥፋ ወደ ጎን ልታስቀምጠው ስትል ጣቷ ጠርዙን ነካው። ጣቷ ከዐይኗ ቀድሞ አወቀ።

ሰፊ ሁሉ የየራሱ እጅ አለው። ሌሎቹ ሴቶች ዙሪያውን ዘምዝመው ሲጨርሱ የክሩን ጭራ በመቀስ ቀጨት አድርገው ያልፋሉ፤ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ከዚያች ጫፍ መተርተር ይጀምራል። እሷ ግን ጭራውን በወፍራም መርፌ መልሳ ስፌቱ ሆድ ውስጥ ትቀብረዋለች። ማዕዘኑ ላይ ጆሮ አያወጣም፣ አይሸበሸብም። በዚያ ስፌት ቤት ይህን የሚያደርግ ሌላ ሰው የለም።

«እታለም፣ ይሄን ከየት ገዛሽው?»

«ከገበያ። ምነው? ጠርዙን አይቼ እኮ ነው የወሰድኩት። ያንቺን እጅ መሰለኝ።»

ጠርዜ ሕፃኑን ለእናቱ መለሰችና ጨርቁን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። ታጥቦ ታጥቦ ሰማያዊው ቀለም ለቋል። በብርሃኑ ፊት ለፊት ስትዘረጋው መሐሉ ላይ ዳርቻው የጠቆረ ቡናማ እድፍ ወለል ብሎ ታየ። ጥግ ላይ ደግሞ የማኅተም ጽሑፍ አለ፤ ፊደሎቹ ተገልብጠው ስለነበር ጨርቁን አዞረችው። «ዶ ጥገና ክፍል» ይላል። የመጀመሪያዋ ፊደል የለችም። «ቀ»ን የበላት የራሷ ስፌት ነው።

የቀዶ ጥገና ክፍል አንሶላ ነው።

አፏን በእጇ ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች። የበላችው ሁሉ ወጣ። ሆዷ ባዶ ከሆነ በኋላም ማቅለሽለሹ አልተዋትም። ከቧንቧው ሥር ተንበርክካ እጇን አጠበች፤ ደግማ አጠበች። በሦስተኛው ላይ አፏን የያዘችው በዚያው እጇ መሆኑ ትዝ አላትና እንደገና አስታወካት።

*

ጨርቁ የወጣበት ስፌት ቤት የእትዬ ነው። እትዬን ሠራተኛው ሁሉ ይፈራቸዋል፤ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ፣ ቁጣቸው ግን ከሆድ ነው። አንድ ልጅ አላቸው። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ከመጣ ጀምሮ የሽያጩንና የጭነት መኪናውን ሥራ ይዟል። ማንኛውንም ነገር ሲጠይቁት «ጥናት ያስፈልገዋል» ስለሚል ሴቶቹ ምሁሩ ይሉታል። «ሻይ ትጠጣለህ ወይ ብትሉት እንኳ ጥናት ያስፈልገዋል» እያሉ ያሙታል።

ምሁሩ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ከተደረደረው የሕፃን መጠቅለያ አንዱን አንሥቶ ገለበጠው። ሰው ሁሉ የሚያየው ላዩን ነው፤ እሱ ውስጡን አየ።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

ሁሉም ወደ እሷ ጠቆሙ። እሷ ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ ቆመች። ሊያመሰግናት የመጣ ይመስላል፤ ዐይኖቿን ሲያይ ግን የሚለው ጠፋው። «ፀጉርሽ ላይ ክር አለ» አላትና ወጣ። ሴቶቹ ሳቁባት። እሷ ያን ቀን ክሩን ከፀጉሯ ሳታነሣ ዋለች።

ከዚያ ልማር ብሎ መጣ። በእረፍት ሰዓት አጠገቧ በርጩማ ስቦ ይቀመጣል።

«ጨርቁን አትጎትተው» ትለዋለች። «መኪናው ራሱ ይወስደዋል፤ አንተ መንገዱን ብቻ አሳየው። መጀመሪያ ደግሞ ቁራጭ ላይ ሞክር። ክሩ ጠበቅ ካለ ጠርዙ ይኮማተራል፤ ከላላ ይንዘላዘላል።»

«ማዕዘን ላይ ስደርስስ?»

«ቀስ በል። አንድ ስፌት ከጨርቁ አሳልፍ፣ የመኪናውን እግር አንሣ፣ አዙር፣ ከዚያ ቀጥል። ማዕዘን ላይ የሚቸኩል ሰው ጨርቁን በመኪናው ያስበላል።»

አስበላ። የሠራውን አንሥታ አየችውና «ይሄ ጠርዝ ነው ወይስ የሰካራም መንገድ?» አለችው። እሱም ከልቡ ሳቀ። ሲስቅ መርገጫው ላይ ያለው እግሩ እግሯን ነካው፤ ሁለቱም አላሸሹም።

ከዚያ ወዲያ በተቆረጠው ጨርቅ እሥር መሐል የታጠፈ ወረቀት ታገኝ ጀመር። «ዛሬ ቢጫ ክር ጆሮሽ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ልነግርሽ ብዬ፣ ብነግርሽ ታነሺዋለሽ ብዬ ዝም አልኩ» ይላል አንዱ። ከአራት ወር ወዲህ ደግሞ በየሳምንቱ ሳሙና ያመጣላታል፤ ሽታው የሚያውድ፣ በስስ ወረቀት የተጠቀለለ ሳሙና። ሌሎቹ ሴቶች ከሄዱ በኋላ በሩ ላይ ይጠብቃትና «ታጥበሽ ነይ» ይላታል። ታጥባ ስትመጣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ይስማቸዋል። ይህን ለእህቷ ስትነግራት እታለም «ባሌ ለእኔ ያመጣልኝ የልብስ ሳሙና ነው፤ እሱንም ሸሚዙን እንዳጥብለት» ብላ አሳቀቻት።

ነገሩ ጆሯቸው የደረሰ ለት እትዬ «አስተምሬ አስተምሬ ልጄን ለጠርዝ ዘምዛሚ አልሰጥም» ብለው ዛቱ። ስድስት ወር ሙሉ ሁለቱ ተደብቀው ከረሙ። ታዲያ ባለፈው ሰኞ እትዬ ራሳቸው መኪናዋ አጠገብ መጥተው ቆሙና፣ ሁሉም እየሰማ፣ «እሑድ ምሳ ቤቴ ነይ» አሏት። ጠርዜ ሳምንቱን ሙሉ እግሯ መሬት አልነካም። እታለም በሠርጓ ማግስት የለበሰችውን ቀሚስ አውጥታ አስጠበበችላት።

አሁን ግን ቀሚሱ በር ላይ ተሰቅሎ ሲታያት፣ የደስታዋ ሳምንት ራሱ እጅ እጅ አላት።

*

ቅዳሜ ስፌት ቤቱ ለግማሽ ቀን ነው የሚሠራው። ስትደርስ ሴቶቹ ወጥተዋል። ጋሽ መቀስ፣ ሽማግሌው ጨርቅ ቆራጭ፣ የመነጽራቸውን ክንድ በክር እያሠሩ ነበር።

«ጋሽ መቀስ፣ ጨርቁ ሳይቆረጥ በፊት ላየው እፈልጋለሁ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

ጨርቁን ዘርግታ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን ሳያደርጉ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«የማን ልጅ ነው?»

«የእህቴ። ጀርባው ቆስሏል።»

የጨርቅ ጥቅል ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ተነሥተው ቁልፍ አወጡና የጀርባውን መጋዘን ከፈቱላት። በዚህ ቤት ሁለት ዓመት ስትሠራ እዚያ በር ገብታ አታውቅም።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። በረኪና፣ መድኃኒት፣ ከእነሱ ሥር ደግሞ እንደበሰበሰ ፍራፍሬ የሚጣፍጥ፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ ሽታ። ጋሽ መቀስ አንዱን ጆንያ በእግራቸው ገፋ አድርገው አፉን ፈቱት። አንሶላዎቹ ተጨማደው ታጭቀዋል። ደሙ ደርቆ እንደ ካርቶን ያደረቃቸው አሉ። አንዱ ላይ ፋሻ ከነፕላስተሩ ተጣብቋል፤ ሌላው ላይ የሰው ፀጉር። በረሮ ከእጥፋቱ ወጥታ ግድግዳው ላይ ሮጠች። ጠርዜ ስቅጥጥ አላት፤ በእጅጌዋ አፍንጫዋን ሸፈነች።

«ከሆስፒታል የወጡ፣ መቃጠል የነበረባቸው ናቸው» አሉ ጋሽ መቀስ። «ይቀቀላሉ፣ በረኪና ውስጥ ያድራሉ። የማይለቀውን እኔ ቆርጬ እጥላለሁ። የቀረው ሰማያዊ ይነከርና ወደ አንቺ ይመጣል። አንቺ ስትዘመዝሚው ማንም አያውቀውም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«የምታውቂ መስሎኝ። ሽታውስ? አንድ ቀን እንኳ አልሸተተሽም?»

ሸትቷት ነበር። ምሁሩን ጠይቃዋለች፤ «የፋብሪካ ሽታ ነው፤ አዲስ ጨርቅ ሁሉ እንዲህ ነው» አላት። አመነችው።

«አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ እኔም እንደዚያ ሆኜ ነው የከረምኩት» አሉ ሽማግሌው፣ ጆንያውን መልሰው እያሠሩ። «ዕድሜዬን አይተሽ አትፍረጂብኝ አልልሽም። ፍረጂብኝ።»

«እሱስ ያውቃል?»

መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ጠርገው ጠርገው፣ አጥልቀው፣ መልሰው አወለቁት።

«ጆንያውን የሚያመጣውን መኪና ማን የሚነዳው ይመስልሻል?»

ጠርዜ ወደ ቤቷ ስትሄድ እጆቿን ከገላዋ አርቃ ነበር የያዘቻቸው፤ ከእሷ ጋር የሚሄዱ የሌላ ሰው እጆች ይመስል።

*

እሑድ ቀሚሱን አልለበሰችም። የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ሰማያዊውን ጨርቅ በፌስታል ይዛ ሄደች።

በሩን የከፈቱት እትዬ ናቸው። «ምነው ልጄ፣ በሥራ ልብስ?» አሏት፤ ሳሟት። የፊታቸው ቅባት ጉንጯ ላይ ቀረ።

ሳሎኑ ንጹሕ ነው። ወንበሩ በነጭ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ በላስቲክ ተሸፍኗል። ጠረጴዛው ላይ ሾርባ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ሰላጣ ቀርቧል። የዶሮው ቆዳ ላይ ዘይቱ ያብለጨልጫል። ምሁሩ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ደስታው ከፊቱ ሞልቶ እየፈሰሰ ወንበር ሳበላት። ጠጋ ሲል የሽቶው ሽታ መጣባት፤ ትወደው የነበረ ሽታ ነው፤ አሁን ከሥሩ የመጋዘኑ ሽታ ያለበት መሰላት።

ከመቀመጧ በፊት ፌስታሉን ፈትታ ጨርቁን ሾርባውና ዳቦው መሐል አስቀመጠችው።

«የእህቴ ልጅ መጠቅለያ ነው» አለች። «ከጀርባው ላይ ልጣጭ ይዞ ነው የተነሣው።»

ምሁሩ ጨርቁን አየ፤ ከዚያ እሷን። ደስታው ከፊቱ ላይ ወረደ። እትዬ ግን ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ጫፍ አነሡና ወለሉ ላይ ጣሉት።

«ምግብ ላይ? ነውር ነው» አሉ።

«ነውርማ ነው፣ እትዬ።»

«ስሚ ልጄ፤ ይቀቀላል። ከዚያ በረኪና አልፎ የሚተርፍ ነገር የለም። ሽፍታ ደግሞ በሕፃን ላይ ይወጣል፣ ይጠፋል። የደላው ከሌላ ቦታ ይገዛል፤ ይሄ ላልደላው ነው። ላልደላው ደግሞ እኔ ባልኖር ማን ይደርስለታል?»

«እህቴ የገዛችው ጠርዙን አይታ ነው።»

«አየሽ?» እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ፈገግ አሉ። «እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ያንቺ ጠርዝ ባይኖር ያን ጨርቅ ውሻም አይተኛበትም ነበር። ገበያተኛ ሞኝ አይደለም፣ ይገለብጣል፣ ያያል። ሲገለብጥ ያንቺን እጅ ያገኛል፤ አዲስ ነው ብሎ ያምናል። ሌሎቹ ስፌት ቤቶች እንደሚፈልጉሽ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ እጅ ከቤት እንዲወጣ አልፈልግም። ለዚህ ነው የጠራሁሽ። ከነገ ጀምሮ ሠራተኛ አይደለሽም፣ የቤቱ ልጅ ነሽ። ልጄም ይወድሻል፤ እኔም እሺ ብያለሁ። በይ አሁን ሾርባሽ ይቀዘቅዛል።»

ስድስት ወር ሙሉ የጠበቀችው «እሺ» ይህ ነበር። ሾርባው ላይ የተንሳፈፈውን ስብ አየች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«ታውቅ ነበር?»

«መጀመሪያ ስመጣ አላውቅም ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከአራት ወር በፊት። አንድ ጆንያ መኪናው ውስጥ ተፈታ።»

«አራት ወር» አለች ቀስ ብላ።

«ልነግርሽ ጽፌ ነበር።» እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ያወጣው ወረቀት ከመታጠፍ ብዛት እንደ ጨርቅ ለስልሷል። «ስድስት ጊዜ ነው የጻፍኩት። ይሄ የመጨረሻው ነው። በየቀኑ ይዤው እመጣለሁ፣ በየቀኑ ይዤው እመለሳለሁ።»

«ይሄን ለእኔ እንኳ አላሳየኸኝም» አሉ እትዬ።

ጠርዜ ወረቀቱን ተቀብላ ቆማ አነበበችው።

«ጠርዜ፤ የምትነኪውን ብታውቂ ያን ያህል አታሳምሪውም ነበር። ዛሬ ነገርኳት፣ ነገ ነገርኳት እያልኩ ነው። ብነግርሽ ትሄጃለሽ፤ እናቴንም ታሳስሪያታለሽ። ባልነግርሽ እኔ ውስጤ ይበሰብሳል። አንቺን ከማጣ መበስበስ መረጥኩ። ስትሠሪ አፍንጫሽን ሸፈን አድርጊ። ስትጨርሺ ደግሞ ሳሙናውን አትርሺ።»

የመጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ገባት። አራት ወር ሙሉ በየሳምንቱ፣ በስስ ወረቀት ተጠቅልሎ።

«እኔ እኮ ስለወደድከኝ መስሎኝ ነበር» አለች።

«ስለወደድኩሽ ነው።»

«አይደለም። ስለተጠየፍከኝ ነው። ከመሳምህ በፊት ታሳጥበኝ ነበር።»

እሱ ጠረጴዛውን ዞሮ ሊይዛት እጁን ሲዘረጋ ከግድግዳው ጋር እስክትጋጭ ድረስ ወደ ኋላ ሸሸች።

«አትንካኝ። እጅህ ይቀፈኛል።»

ስትወጣ ፀሐዩ ደማቅ ነበር፤ ሰዎች ልጆቻቸውን አቅፈው ያልፋሉ። አንዲት እናት ያቀፈችው ሕፃን በሰማያዊ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ጠርዜ ጠርዙን ላለማየት ዐይኗን ጨፈነች፤ ጨፍናም አየችው።

*

ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይቀድማት ስፌት ቤት ደረሰች። ታሽገው የተደረደሩት መጠቅለያዎች ሰማንያ አራት ናቸው። ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ምላጭ አወጣች፣ የመጀመሪያውን ፈትታ ጠርዙን መተርተር ጀመረች።

መዘምዘም ፈጣን ነው፤ መተርተር ግን ዕድሜ ይፈጃል። በተለይ የቀበረችው የክር ጭራ እሺ አላላትም፤ በጥፍሯ እየፈለገች ነበር የምታወጣው። ሴቶቹ አንድ በአንድ ገብተው ቆሙ። አንዷ «ምን ሆነሻል?» አለቻት። ጋሽ መቀስ መልሱን በእሷ ፈንታ ነገሩ፤ ከመጋዘኑ ጆንያ አምጥተው መሐል ወለል ላይ ገለበጡት። ሴቶቹ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ በሩ ሸሹ። ለዓመታት አውቀው የተኙት እንኳ፣ ነገሩ በቀን ብርሃን ሲዘረገፍ፣ መቋቋም አቃታቸው።

ምሁሩ የገባው ያኔ ነው። ያልተኛ ሰው ፊት ነበረው። ማንንም ሰላም ሳይል ከእሷ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ምላጭ አነሣ፤ አንዱን ጨርቅ ስቦ መተርተር ጀመረ። አልከለከለችውም፤ አላየችውምም። አንድ ሰዓት ያህል ፊት ለፊት ተቀምጠው ተረተሩ።

እጁ አልለመደም። ምላጩ አውራ ጣቱን በላውና ደሙ ሰማያዊው ጨርቅ ላይ ጠብ አለ። ጠርዜ ቁራጭ ጨርቅ ልታቀብለው እጇን አነሣች፤ ቁራጩ ከየት እንደመጣ ትዝ አላትና መለሰችው። ጣቱን በአፉ ይዞ ቀና ሲል ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ። ልቧ ያን የለመደችውን ዝላይ ዘለለች። ጆንያው አልቀፈፋትም፣ በረሮዋ አልቀፈፈቻትም፤ በዚያች ቅጽበት ከሁሉ የቀፈፋት አሁንም እንደምትወደው ማወቋ ነው።

እትዬ ሲገቡ ወለሉ በተተረተረ ክር ተሸፍኗል።

«አብዳችኋል?» አሉ። ከዚያ ልጃቸውን አዩት። «አንተም?»

«እማዬ፣ ጆንያዎቹን መኪናው ላይ እጭናለሁ» አለ ተነሥቶ። «ወደ ጤና ቢሮ ነው የምወስዳቸው።»

«እናትህን ልትከስ?»

«ሹፌሩ እኔ ነኝ። መጀመሪያ የምናገረው የራሴን ስም ነው።»

እትዬ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። እዚያ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው አይቷቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ተቀምጠው ሲታዩ ትንሽ ሴት ናቸው።

ጭኖ ሲጨርስ ጠርዜ አጠገብ መጥቶ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ይቅር ትይኛለሽ ወይ ብዬ ብጠይቅሽ...»

«ዛሬ አትጠይቀኝ» አለችው ክሩን ከቀሚሷ ላይ እያራገፈች። «ዛሬ አዎ ብልህ ውሸቴን ነው። አይ ብልህም ውሸቴን ነው።»

*

ስፌት ቤቱ ታሸገ። የእትዬ ጉዳይ ፍርድ ቤት ነው፤ የእሱም እንደዚያው። እናቱ ሊያናግሩት አልፈለጉም፤ ከቤት ወጥቶ የጨርቅ መደብር ውስጥ ጥቅል ተሸካሚ ሆነ። የሕፃኑ ጀርባ ግን በአሥር ቀን ውስጥ ደረቀ፤ ከዚያ ልጣጩ ተነሥቶ ከሥሩ ሌላ፣ የጠራ ቆዳ ወጣ።

ጠርዜ እነዚያን ሳምንታት በገበያ ነው ያሳለፈችው። ከመደብ መደብ፣ ከአራስ ቤት አራስ ቤት እየዞረች ጨርቁን ታስመልሳለች። የሚሰድቧት ነበሩ፤ የሚያመሰግኗት ነበሩ፤ «አንቺ አይደለሽ የሠራሽው?» ብላ ፊቷ ላይ የወረወረችባት እናትም ነበረች። አንሥታ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለቻትና ይዛ ሄደች። በየቀኑ ስትመለስ ይህን ሁሉ ለእታለም ትነግራታለች፤ የእሱን ስም ግን አታነሣም።

በአምስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። የከፈተችው እታለም ናት።

«ምሁሩ ነው» አለች ወደ ውስጥ ዞራ። «ጥናቱን ጨርሶ የመጣ ይመስለኛል።» ሕፃኑን አቅፋ ወደ ጓሮ ወጣች።

ከስቷል። ትከሻው ላይ ከጥቅሉ የወረደ የክር ብናኝ አለ። ደጃፉን ሳያልፍ አንድ ከረጢት መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ወደ ሩቅ ሱቆች ያደረስኩትን የማውቀው እኔ ነኝ» አለ። «በየእሑዱ እየሄድኩ ነው። አሥራ አራት አገኘሁ። የቀሩትን ሁለት ገና አልደረስኩባቸውም። ስለሌላ ነገር አልመጣሁም። ላደርስልሽ ብቻ ነው።»

ከረጢቱን ከፈተችው። አንድ በአንድ እያወጣች ጠርዛቸውን ዳሰሰች፤ ሁሉም የእሷ ናቸው። የት የት እንዳገኛቸው ጠየቀችው። ነገራት፤ አንዷ እናት ውሻ እንዳስለቀቀችበት፣ አንዷ ደግሞ ሰምታ ሰምታ ስታበቃ አብራው እንዳለቀሰች። እሷም ፊቷ ላይ ጨርቅ የወረወረችባትን ነገረችው። ሳያስቡት ደጃፉ ላይ ተቀመጡ፤ በመሐላቸው ከረጢቱ አለ።

ላብ አጥምቆት ነበር። ገብታ ውሃ አመጣችለት። ግማሹን ጠጥቶ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

«ሁለቱን የት ነው የምትፈልጋቸው?» አለችው።

«ከወንዙ ማዶ። መንገዱ ረጅም ነው።»

«ሴት ካልጠየቀቻቸው አራሶች በር አይከፍቱልህም።»

እሱ ተስፋውን እንዳታይበት የፈራ ይመስል መሬት መሬቱን አየ። ጠርዜ ብዙ ተናግራ ጉሮሮዋ ደርቆ ነበር። ብርጭቆውን አነሣችና የቀረውን ጠጣችው። ባዶውን ስታስቀምጥ ነው ያደረገችው የታወቃት፤ ከንፈሮቹ በነኩት በኩል ነበር የጠጣችው።

ሆዷ እስኪገለበጥ ጠበቀች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ያ ማቅለሽለሽ እንደ ሁልጊዜው ከታች ተነሥቶ እስኪመጣ፣ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች።

አልመጣም። ቀዝቃዛ ውሃ ነበር፤ ጣፈጣት።